ጭንቅ፣ በር አራት

ከብት ጨረር ቤት ሲገባ ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ውስጥ የሚቆየው አንድ አባታችን ሆይ እስኪባል ነው። አይጮህም፣ አይሸትም፣ አያመውም። ሲወጣም እንደገባ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ጭራውን ይወዘውዛል፣ አንዳንዱ እዚያው ቆሞ ያመሰኳል። ባለቤቱ አጥር ተደግፎ ያየውና «ይኸው፣ ምንም አልሆነም እኮ» ይላል። እኔም «አዎ» እለዋለሁ። ባለቤት ሁለተኛውን ቀን አያይም። አጥሩ ድርብ የሆነው ለዚያ ነው።

ጋራ ዲማ ጣቢያ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የደም ትል የሚሉት በሽታ አገሩን ከፈጀ ወዲህ ጨረር ያልገባ ከብት ወንዝ አይወርድም፣ መንገድ አይሻገርም፣ ገበያ አይወጣም። ጆሮው ላይ አረንጓዴ መብራት የሌለውን ከብት ያገኘው ሁሉ እንዲገድለው ታዟል። ስለዚህ በቀን ዘጠኝ መቶ ይመጣል። ጨረር ይገባል፣ ሦስት ቀን ማቆያ ውስጥ ይሰነብታል፣ የተረፈው ይሄዳል።

የእኔ ሥራ ያዥነት ነው። ያዥ ማለት ሁለተኛ ቀን ላይ ያለ ከብት አንገት ላይ ተጠምጥሞ ዓይኑን በእርጥብ ጆንያ የሚሸፍን ሰው ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ለመያዝ ትምህርት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እምቢ ማለት ነው። ወይፈኑ ልሂድ ይላል፣ አንቺ እምቢ ትያለሽ። በቃ።

ሁለተኛው ቀን ሲነጋ ከብቱ ውሃ አይነካም። ዝንብ ሳያርፍበት ቆዳው ይርገበገባል። ድዱ ይነጣል። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ይወጋል፤ ወንድሙንም ይሁን እናቱን፣ ካጣም ግንቡን። ቀንዱን በመጋዝ ብንቆርጠው በግንባሩ ይገድላል። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሥራችን ሌሊቱን እርስ በርስ የተገዳደሉትን በሰንሰለት አስሮ በትራክተር መጎተት ነው። ትራክተሩ ጎማው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ድምፅ የሌለው ነው። አንዳንድ ቀን አርባ፣ አንዳንድ ቀን ስድሳ ይሆናሉ። ከሰባ በታች ከሆነ ደህና አደርን እንላለን።

ዶክተር ሂክማ የጣቢያው ሐኪም ናት። በመጀመሪያው ዓመቴ ከአንድ ወይፈን ቀንድ ላይ የሰው አንጀት ሳወርድ አገኘችኝና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ጨረሩ ትሉን ሲገድል ደም ውስጥ ያሉትን ዘበኞችም ይቆነጥጣቸዋል» አለችኝ። «ዘበኞቹ አንድ ቀን ዝም ይላሉ። በማግስቱ ይጮሃሉ። ጩኸታቸውን የሚሰማው ጭንቅላት ነው። ጭንቅላት ደግሞ ሌላ አያውቅም፣ አውሬ መጣ ይላል። ከኩላሊት በላይ ያለችውን እጢ ‹ልቀቂ!› ይላታል። ትለቃለች።»

«አውሬው የታለ ታዲያ?»

«የለም፣ እትዬ ማንጠግቦሽ። የሚጮኸው የራሱ ደም ነው።»

«ደሙን ዝም ማሰኘት አይቻልም?»

«ደሙ ዝም ካለ ትሉ ይመለሳል።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም። አንጀቱን አውርጄ ጨረስኩ።

ሁለተኛ ቀን ላይ ያለ ከብት በድምፅ ነው የሚነሳው። ብረት ቢወድቅ ይነሳል፣ ሰው ቢያስነጥስ ይነሳል። ስለዚህ ጣቢያው ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። ጫማችን ከብርድ ልብስ የተሰፋ ነው። ማስነጠስ የመጣበት ሰው ብብቱ ውስጥ ያስነጥሳል። አንዲት አዲስ ገቢ ብብቷን ሳታገኘው ቀርታ በአካፋ ነው የሰበሰብናት። ልማዱ እስከ ቤት ይከተላል። በጋራ ዲማ ባልና ሚስት የሚጣላው በሹክሹክታ ነው። ውሾቻችን መጮህ ትተዋል።

ማወቅ ያለብን ነገር ሁሉ በጆሯችን ይነገረናል። እያንዳንዳችን ጆሮ ውስጥ ምስር የምታህል ነገር አለች። ለአሥራ አራት ዓመት የምትናገረው ቁጥር ብቻ ነበር። «ሰባ ሁለት፣ ሦስት» ካለች፣ ከበር ሦስት ጀርባ ያለው ከብት ደሙ ሰባ ሁለት ደርሷል ማለት ነው። ስድሳ ካለፈ በሩ አይከፈትም። ሰማንያ ካለፈ ይተኮሳል። ቁጥር ቁጥር ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ባለፈው ግንቦት ከከተማ አንድ ባለሙያ መጣ። ቁጥሩ ለሠራተኛው ከባድ ነው አለና ስብሰባ ጠራ። እኔ ስብሰባ አልሄድም። ስብሰባ ያዳነው ወይፈን አላየሁም። አረጋሽ ግን ሄደች። አረጋሽ ከእኔ ጋር ጆንያ የምታጥብ፣ በሹክሹክታ እንኳ ሰው በሳቅ የምትገድል አፈኛ ሴት ናት። ከስብሰባው ተመልሳ ገንዳው ላይ አጎንብሳ፣

«ማንጤ፣ ከነገ ጀምሮ አዲስ ድምፅ አለን» አለችኝ። «የሴት ድምፅ። ቁጥር ቀረ።»

«ድምፅ አልጎደለኝም።»

«ስሚኝ እንጂ፣ ቃሉ ራሱ...»

«አረጉ፣ አንቺ ከተሰበሰብሽ ይበቃል። እኔ የምይዘው ከብት ነው፣ ቃል አይደለም።»

«ድርቅ ያልሽ!» አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «አንቺን ጨረር ቢያስገቡሽ የሚታመመው ጨረሩ ነው።»

ብሰማት ምን ነበር።

ልጄ ስንዱ የምትሠራው ደም ክፍል ነው። ከየከብቱ ጆሮ የምትወሰደው የደም ጠብታ እሷ ጋ ትደርሳለች። ከእጥበት ግቢያችን ተነስቶ ደም ክፍል ለመድረስ በበር አራት ገብቶ ረጅሙን መተላለፊያ መጨረስ ነው። መተላለፊያው ባዶ ሲሆን ሰው ያልፍበታል። ሁለተኛ ቀን ከብት ሲያቆሙበት ግን በር አራት ይዘጋል፤ የደም ክፍል ሠራተኞች በማዶ ባለው በር ይገባሉ። ስንዱ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ቀኗም ደርሷል።

በስብሰባው ማግስት ጠዋት፣

«ዛሬ ቅሪ» አልኳት።

«ገና ሳምንት ይቀረኛል።»

«ማን ቆጠረው?»

«ሐኪም ነዋ እማዬ። አንቺ አይደለሽማ።»

ባሏ ደምመላሽ ደጃፉ ላይ ጫማውን እያሰረ ነው። እሱ የጣቢያው ተኳሽ ነው። ከመተላለፊያው በላይ በተዘረጋው የብረት ድልድይ ላይ ጠመንጃ ይዞ ሲንጎራደድ ይውላል።

«ይተዋት እማማ» አለኝ። «እኔ ከላይ ሆኜ አያታለሁ።»

«አንተማ ሁልጊዜ ከላይ ነህ» አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። ለምዶኛል። ስንዱ ወገቧን በእጇ ደግፋ ወጣች። ሆዷ ከብዷት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ፣ አረጋሽና ሌሎች አራት ሴቶች ገንዳውን ከበን የሌሊቱን ደም ከጆንያ እናለቅቃለን። ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ሴት ተናገረች። ድምፅዋ ለስላሳና ጨዋ፣ እንግዳ የምታስገባ ይመስላል።

«ጭንቅ። በር አራት። ጭንቅ። በር አራት።»

አማርኛ የሚያውቅ ይፍረደኝ። ጭንቅ ሲባል የወለደች ሴት ምን ትሰማለች? እኔ አምስት ወልጃለሁ፣ አምስቴም «ጭንቅሽን ያቅልልሽ» ተብያለሁ። ባለሙያው የከብት ጭንቀት ተብሎ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ለጆሮ እንዲያጥር ብሎ ጭንቅ አደረገው። ወንድ ነው፣ ምን ያውቃል። ከበር አራት ወዲያ ያለችው ነፍሰ ጡር ደግሞ አንዲት ናት።

ጆንያውን ጥዬ ሮጥኩ።

አረጋሽ ከኋላዬ «ከብቱ ነው! ማንጤ፣ ከብቱን ነው!» ብላለች። በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ አልሰማሁም፤ ያለችው በሹክሹክታ ነዋ።

በሩ ላይ ጋሽ ቦንሳ ቆመዋል። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ በክረምትም በበጋም ጋቢያቸውን የማያወልቁ ዘበኛ ናቸው።

«አይከፈትም፣ ማንጠግቦሽ።»

«ልጄ ምጥ ላይ ናት ጋሽዬ!»

«ማን አለ?»

«ተናገረች እኮ! አልሰሙም? ጭንቅ አለች!»

ሰምተዋል። በእሳቸውም ጆሮ ውስጥ ያው ድምፅ ነው የሚናገረው። ስብሰባውም ላይ ነበሩ፣ ቃሉ የከብት መሆኑ ተነግሯቸዋል። የትላንት ስብሰባና የሰባ ዓመት ልማድ ግን እኩል አይመዝንም። እናት ፊታቸው ቆማ ምጥ ነው ስትላቸው፣ ጨዋ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረጉ። የሴት ጭንቅ እንዳያዩ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ማርያም ትቅረባት» አሉ።

በሩ የያዥ መዳፍ ያውቃል። ቁጥሩ ስድሳ ሲያልፍ መዳፍ አልቀበልም የሚል ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ቁጥሩን ቃል ተክቶታል፣ በሩም ቃል አያነብም። መዳፌን አስደገፍኩ። ተከፈተ።

መተላለፊያው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ወይፈን ነበር።

የመጀመሪያው ጋሽ ቦንሳን ከኋላ ወጋቸው። ቀንዱ በወገባቸው ገብቶ በሆዳቸው ወጣ። ጋቢው ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው፣ የመጣባቸውን አላዩትም። ወይፈኑ ራሱ ላይ እንዳንጠለጠላቸው ግቢውን ዞረ። ሊጥላቸው ራሱን ሲወዘውዝ እጃቸው ከገንዳው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ጧ ጧ ይል ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከትለው ወጥተው እሳቸውንም ተሸካሚያቸውንም ወጉ። እኔ ወደ ግቢው መመለስ እችል ነበር። ግንቡን ታክኬ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ልጄ ያለችው ወደ ውስጥ ነው።

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። የዘጋችው አረጋሽ ናት። ደንቡ ነው፤ የተከፈተ በር ካየሽ፣ ውስጥ ማንም ይኑር ማን ትዘጊዋለሽ። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።

ደምመላሽ ከላይ መተኮስ ጀመረ። ወደ ግቢ የወጡትን ሦስቱን ጣለ። በተኩሱ ግን ውስጥ የቀሩት አሥራ ስድስቱ ተነሱ። የመተላለፊያው መጨረሻ ላይ የደም ክፍል በር ተከፈተና ስንዱ ብቅ አለች።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

በሁለት እግሯ ቆማለች። እጇ ላይ የደም ብልቃጥ ይዛለች። ምንም አልሆነችም።

ወይፈኖቹ ድምፅዋን ሰምተው ዞሩ። ግንቡ ላይ በየሃያ እርምጃው ለሰው የተተወ ስንጥቅ አለ፣ ማምለጫ እንለዋለን። ሰው በጎኑ ይገባበታል፣ ወይፈን አይገባበትም። «ግቢ!» አልኳት። ወደ ክፍሏ መመለስ ትታ ወደ እኔ ሮጣ መጥታ፣ እኔ የደረስኩበት የመጨረሻው ማምለጫ ውስጥ ተወተፈች። ሆዷ አላስገባ አላት። ገፋኋት። ግንቡ ሆዷን እስኪፍቅ ገፋኋት። እኔ ከፊቷ ስቆም ግማሽ አካሌ ደጅ ቀረ። አንዱ ሲያልፍ ጭኔን ከጉልበት እስከ ዳሌ ቀደደው። ሥጋው ነጭ ሆኖ ተከፈተ፣ ደሙ በኋላ ነው የመጣው።

ደምመላሽ አንድ ይጥላል፣ በተኩሱ አምስት ይነሳል። እጄን አነሳሁለት፤ አቁም! ሚስቱ ናት፣ የት ያቆማል። የቆሰለው ያልቆሰለውን ይወጋል። አንዱ የራሱን አንጀት ረግጦ እየጎተተው ሮጠ። ከፊታችን ሁለቱ ግንባር ለግንባር ተጋጥመው የአንዱ ዓይን ግንቡ ላይ ተለጠፈ። ጥይቱ ሲያልቅ ዘጠኝ ወድቀው ሰባት ቆመው ነበር። ከዘጠኙ አምስቱን የገደላቸው ጥይት አልነበረም።

ከሰባቱ አንድ ዳለቻ ወይፈን ስንጥቃችንን አገኘ። አንገቱን ሰደደ። ቀንዱ ከጆሮዬ ሥር ግንቡን ፋቀ፤ ትንፋሹ እንደ ዝገት ይሸታል። ነጠላዬን ከወገቤ ፈትቼ ዓይኑ ላይ ጣልኩ፣ አንገቱን አቀፍኩት። ሰውነቱ ሁሉ እንደ ወባ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ሲሸፈን አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆማል። አሥራ አራት ዓመት የኖርኩት በዚያች ትንፋሽ ነው። የጆንያ መቁረጫ ቢላዬን ከማጅራቱ ላይ፣ ከቀንዱ ኋላ ባለችው ጎድጓዳ እስከ እጀታው ሰደድኩት። አራቱም እግሩ ባንድ ጊዜ ከዳው። ማምለጫው አፍ ላይ እንደ መቀርቀሪያ ተጋደመ።

ስድስት ቀሩ። ተኩስ የለም፣ ጩኸት የለም። ስድስቱ ከእኛ አሥር እርምጃ ርቀው ቆሙ። ከአፋቸው ለሃጭ ይንጠባጠባል። ጆሯችን ውስጥ ሴትዮዋ አልደከማትም።

«ጭንቅ። በር አራት። ጭንቅ። በር አራት።»

ስንዱ አየችኝ። ቀስ ብሎ ገባት።

«ለዚህ ነው በሩን የከፈትሽው?» አለችኝ በከንፈሯ ብቻ።

«ለዚህ ነው።»

ልትስቅ ነበር። ከዚያ ክንዴን ጨመቀችው፣ ጥፍሯ ገባ። እግሬ ላይ ሙቅ ነገር ፈሰሰ። የእኔ ደም መስሎኝ ነበር፣ እንሽርት ነው።

«እማዬ... ከሌሊት ጀምሮ ይዞኝ ነበር።»

«ምን?»

«ወገቤን። ቅሪ ትይኛለሽ ብዬ ነው።»

ድርቅናዋ የእኔ ነው። ማንን ልቆጣ።

ድምፁ እስኪያቆም ማንም አይገባም። ድምፁ የሚያቆመው የስድስቱ ደም ሲበርድ ነው፤ ያ ደግሞ አንዳንዴ በሰዓት ነው፣ አንዳንዴ በማግስቱ። ደምመላሽ ጥይት ሊያመጣ ቢነሳ ድልድዩ ይንቋቋል። ስለዚህ በደረቱ ተኝቶ፣ ፊቱን የብረቱ ወንፊት ላይ አድርጎ ቀረ። የፊቱ ላብ አንዳንዴ እጄ ላይ ጠብ ይላል።

ልጄን ሞቶ በተጋደመው ወይፈን ሆድ ላይ አስደገፍኳት። እግሯ ከስንጥቁ ወደ ደጅ ወጣ። ሻሼን ጠቅልዬ አፏ ውስጥ ከተትኩላት። ምጡ ሲመጣ ትነክሰዋለች፣ የአንገቷ ሥር እስኪበጠስ ይወጠራል፤ ድምፅ አይወጣም። አንዴ ተረከዟ መሬት ያስቀመጠችውን ብልቃጥ ነካውና ተሰበረ። ከስድስቱ አንዱ መጣ። የሞተውን ዳለቻ ሁለት ጊዜ ወጋው፤ ሬሳው ከነልጄ ከፍ ብሎ ወረደ። ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች። ወይፈኑ አሸተተንና ተመለሰ። እንዲህ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። እኔ ስወልድ ቤቱ እስኪነቃነቅ ነበር የጮህኩት። እሷ በሁለት ሰዓት ተኩል ያወጣችው ድምፅ ቢሰበሰብ አንድ ሳል አይሞላም።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ ወጣ።

ወንድ ይሁን ሴት አላየሁም። ያየሁት ቀለሙን ነው። ጠቁሯል፣ ዝም ብሏል፣ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ።

ቀና ስል ደምመላሽ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል። አያስለቅሱት ማለቱ ነው። ልክ ነው። ካለቀሰ ስድስቱ ይመጣሉ፣ ሦስታችንም እናልቃለን። ካላለቀሰ አይተነፍስም፣ አንዱ ይሞታል፣ ሁለታችን እንተርፋለን። ሒሳቡን የአራተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል። ስንዱ ሻሹ አፏ ውስጥ እንዳለ አየችኝ። አልለመነችኝም። ልጁን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ልጁን አየች።

እምቢ አልኩ።

ንፍጡን በአፌ ስቤ ተፋሁ። በእግሩ ዘቅዝቄ ይዤ ጀርባውን መታሁት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው አለቀሰ።

ጋራ ዲማ ጣቢያ ውስጥ እንደዚያ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ስድስቱም ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ልጁን ስንዱ ደረት ላይ ጥዬ ቢላዬን አነሳሁ። አንድ እይዛለሁ። ስድስት አልይዝም። መሬቱን መጎድፈር ጀመሩ።

ከበር አራት ማዶ እልልታ ተነሳ።

አረጋሽ ናት። አስባበት አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ሲያለቅስ የሰማች ሴት ምላሷ ከደንቡ ይቀድማል። ሌሎቹ አራቱም ተቀበሏት። ስድስቱ ወይፈኖች ዞሩ፤ እኛን ትተው መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር ሮጠው በሩን መቱት። ግንቡ እስከ እኛ ድረስ ተንቀጠቀጠ።

እዚያ ላይ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ደንቡም ዝም በሉ፣ ራቁ ይላል። ሁለተኛው እልልታ ግን ከፊተኛው ይልቅ ለበሩ ቀርቦ መጣ። ሦስተኛውም። ለሴት ልጅ ሦስት ነው፣ አሁን ያቆማሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላቆሙም። አራት። አምስት። ብረቱ ሲጣመም ይሰማል። ስድስት። ሰባት። ለወንድም ቢሆን ሰባት ይበቃል። ስምንተኛው ሲመጣ ገባኝ። ደስታው አልቋል። ከብቱን እየያዙልኝ ነው።

እትብቱን ቆረጥኩ። ደምመላሽ ከድልድዩ ተንጠልጥሎ ወረደ፤ በዚያ ጣቢያ መሬት ሲረግጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስንዱን እንደ ህፃን አቀፋት። ልጁን በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩ፣ ነጠላው በወይፈኑ ደም ረጥቧል። ደም ክፍል ሃያ እርምጃ ነው። በሬሳ ላይ፣ በተዘረገፈ አንጀት ላይ ሄድን። አንድ ጊዜ ወደቅኩ፣ ልጁን ከፍ አድርጌ ነው የወደቅኩት። እልልታው አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። የተቀደደው ጭኔ አልታዘዝ ብሎኝ በክርኔ ዳህኩ። ልጁ ያለቅሳል፣ ሴቶቹ ከሱ በላይ ይጮሃሉ። አሥራ አምስት።

የደም ክፍልን ደፍ ስንረግጥ ከአምስቱ ድምፅ አንዱ መሃል ላይ ተቋረጠ። አራቱ ቀጠሉ። በሩን ዘግተን፣ ደምመላሽ በማዶ በኩል ወጥቶ እጁን እያወዛወዘ «ወጥተዋል! ወጥተዋል!» ብሎ በሙሉ ድምፁ እስኪጮህ ድረስ ቀጠሉ።

ስንዱን አስተኝተን ልጁን ይዤ በውጭ በኩል ዞርኩ። ሰው በሁለት በኩል ደግፎኛል። ግቢው ስደርስ ጥይት ደርሶ ስድስቱም ከበሩ ኋላ ወድቀዋል። የበር አራት ብረት ወደ ውጭ እንደ ሆድ አብጧል፣ ሁለት ዘንግ ተሰብሯል። በስብራቱ አንድ ቀንድ እስከ ሥሩ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል። ከቀንዱ ሥር አረጋሽ ጋሽ ቦንሳን ባስተኙበት ጎን ተጋድማለች። ከጎድን አጥንቷ በታች የተከፈተውን ዶክተር ሂክማ በጆንያ ይዛዋለች። ጆንያው አልቻለውም። ዶክተሯ አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

አጠገቧ ወደቅኩ።

«አንቺ» አለች አረጋሽ። ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ተመልሷል። «ጠርቼሽ ነበር እኮ። ከብቱ ነው ብዬሽ ነበር።»

«አልሰማሁም።»

«ጮክ ማለት ነበረብኝ።»

«ዝም በይ አረጉ።»

«አሁን ዝም በይ ትለኛለች! ሲያስፈልግ ነበር እንጂ ጆሮሽ።» ተነፈሰች፣ ትንፋሹ በጎኗ ወጣ። «አለቀሰ አይደል? እኛ ሰምተናል።»

«አለቀሰ። ይኸው።»

«ምንድን ነው?»

ነጠላውን ገለጥኩ። እኔም ገና ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ሴት ናት።»

«ውይ» አለች አረጋሽ። «ታዲያ አበዛነዋ!»